የሆሊውድ ፊልም ለሚሰበስብ ወዳጃችሁ የትኛውን የድሮ ወይም የውጭ ፊልም ትሰጡታላችሁ?

[ምስል፦ ዲስክ የሞላበት መደርደሪያ። ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ያልፋል።]

ሁለት መቶ ዲስክ ያለው ሰው ነው እንበል። ማርቭል በቅደም ተከተል፣ የዳይሬክተሩ የክሪስቶፈር ኖላን ሥራዎች በሙሉ፣ ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ከነካርቶኑ። ከ1980 በፊት የተሠራ ግን አንድም የለውም። በእንግሊዝኛ የማይናገር ፊልምም እንዲሁ። እናንተ ደግሞ የድሮና የውጭ ፊልም ትወዳላችሁና ልታካፍሉት አሰባችሁ።

እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው "የምንጊዜም ምርጥ" የሚባሉትን አሥር ፊልሞች ጽፎ በቴሌግራም ይልካል። ያ ዝርዝር አይከፈትም። ቢከፈትም ሰውየው ከላይ ያለውን ይጀምርና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ "የድሮ ፊልም ለእንቅልፍ ነው" የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላቱ የሚያወጣው የለም።

ለእኛ ሆሊውድም የውጭ ነው፤ ዛሬ "የውጭ" የምንለው ግን ንግግሩ እንግሊዝኛ ያልሆነውን ነው። የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዝርዝሩን ተዉትና ወደ መደርደሪያው ሂዱ። ሽፋኑ የተፋፋቀውን፣ ደጋግሞ ያየውን አንድ ዲስክ አውጡ። ከዚያ የዚያን ፊልም አባት ፈልጉ። ሰባት ቤት መቁጠር አያስፈልግም፤ አንድ ቤት ወደ ኋላ ይበቃል።

[ምስል፦ አንድ እጅ "ዘ ዲፓርትድ" የሚለውን ዲስክ ይስባል።]

ያወጣችሁት "ዘ ዲፓርትድ" ነው እንበል። በ2006 የወጣ የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ነው፤ 151 ደቂቃ፣ የምርጥ ፊልም ኦስካር ያሸነፈ። አባቱ በ2002 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራው "ኢንፈርናል አፌርስ" ነው። እሱ 101 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ፖሊስ ወንበዴ መስሎ ከወንበዴዎቹ ጋር ይኖራል፤ አንድ ወንበዴ ደግሞ ፖሊስ ሆኖ ጣቢያ ውስጥ ያድጋል። ወዳጃችሁ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንድ መስመር ሰብታይትል ቢያመልጠው አይጠፋበትም። የመጀመሪያው ፊልም ታሪኩ የታወቀ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው። ዓይን ከታች እያነበበ ከላይ ማየትን እስኪለምድ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ሴራ መፍታት ከተጨመረ ሰው ይደክመዋል።

አንድ ትዕይንት ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። ገና መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ቦታው የቴፕና የስፒከር መሸጫ ሱቅ። አንዱ ሱቁን እየጠበቀ ነው፣ ሌላው ሊገዛ የመጣ ደንበኛ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ የድሮ ዘፈን ያዳምጣሉ፣ ስለ ድምፁ ጥራት ያወራሉ። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ እኛ እናውቃለን፤ እነሱ አያውቁም። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ግን ሰው ትንፋሹን ይይዛል። አክሽን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር አናውቅም።

ሁለት ወጥመድ አለው። ዲስኩ ላይ በእንግሊዝኛ የተተካ ድምፅ ካለ ማጫወቻው በራሱ እሱን ሊመርጥ ይችላል፤ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የሆንግ ኮንጉን ቋንቋ፣ ካንቶኒዝ የሚለውን ምረጡ። ሌላው፣ ቁጥር ሁለቱ ከመጀመሪያው በፊት የሆነውን ስለሚተርክ "በታሪኩ ቅደም ተከተል እንይ" የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲያ ከታየ የመጀመሪያው ምስጢር ሁሉ ይከሽፋል። አወጣጣቸውን ተከተሉ።

[ምስል፦ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ካውቦይ፣ በቀኝ ሳሙራይ፤ ሁለቱም ወደ ከተማ እየገቡ።]

የካውቦይ ፊልም የሚወድ ከሆነ መንገዱ ይበልጥ ቀጥተኛ ነው። ክሊንት ኢስትውድን ዝነኛ ያደረገው የጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ "ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ" በ1964 ወጣ። አባቱ በ1961 የወጣው የጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ "ዮጂምቦ" ነው፣ ያለ ፈቃድ የተወሰደ። የጃፓኑ ኩባንያ ቶሆ ከሰሰ፤ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ፊልሙ ከዓለም ዙሪያ ከሚያስገባው 15 በመቶው ለጃፓኖቹ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ማን ከማን ወሰደ የሚለው የእኛ ግምት ሳይሆን በገንዘብ የተቆጠረ ነገር ነው።

ሁለቱን ፊልሞች አከታትላችሁ መግቢያቸውን ብቻ አሳዩት። የጣሊያኑ ላይ እንግዳው ከተማ ሲደርስ ፈረስ ላይ የተጫነ ሬሳ ያልፈዋል። የጃፓኑ ላይ አንድ ውሻ በአፉ የሆነ ነገር ይዞ ሶምሶማ እየረገጠ ይመጣል፤ ሲቀርብ የተቆረጠ የሰው እጅ ነው። ሙዚቃው ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው የሚጫወተው። ይህን ያየ ሰው "ጥቁርና ነጭ ነው እንዴ?" ብሎ ለመጠየቅ ፋታ አያገኝም።

"ስታር ዋርስ" ለሚሰበስብ ደግሞ የዚያው የኩሮሳዋ "ዘ ሂድን ፎርትረስ" አለ፣ 1958። እርስ በርስ የሚነታረኩት ሁለት ገበሬዎች ናቸው ኋላ ሁለቱ ሮቦቶች የሆኑት፤ የ"ስታር ዋርስ" ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ራሱ የተናገረው ነው። "ሰባቱ ሳሙራይ"ን ግን አሁን አታውጡ። እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ፈጥኖ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ታስቦ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ጃፓንኛ እየሰሙ እንግሊዝኛ ማንበብ ድርብ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ወዲህ ቃና የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ድምፅ አስለምዶናል፤ ብዙ ቤት የባዕድ ታሪክ በጆሮ የሚገባ ነገር ሆኗል። እንዲህ ላለ ሰው መፍትሔው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። "ይባስ!" እንዳትሉ።

[ምስል፦ ጃኪ ቻን ከሰዓት ማማ ላይ ሲወድቅ። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ፦ መነጽር ያደረገ ሰው ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ።]

ጃኪ ቻንን የማያውቅ የለም። በ1983 "ፕሮጀክት ኤ" ላይ ከሰዓት ማማ የሚወድቅበት ትዕይንት በ1923 የድምፅ አልባው ፊልም ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ "ሴፍቲ ላስት" ላይ ሰዓት ይዞ ለተንጠለጠለበት ትዕይንት የተሰጠ ክብር ነው። ከሎይድ ጎን ደግሞ በስተር ኪተን አለ፤ ለጀማሪ የምንመርጠው የእሱን "ዘ ጄነራል" ነው፣ 1926። ባቡር ተሰርቆበት ባቡር የሚያሳድድ ሰው ታሪክ ነው፤ መሄድና መመለስ፣ በቃ። "ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ" ያለው ሰው አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል።

አንዱን ቦታ አቁማችሁ ድገሙለት። ባቡሩ እየሄደ ነው፤ ኪተን ከሞተሩ ፊት ያለው ፍርግርግ ላይ ተቀምጦ አንድ የሐዲድ አጋዳሚ እንጨት ታቅፏል። ከፊቱ ሐዲዱ ላይ ሌላ እንጨት ተጋድሟል። የታቀፈውን አንስቶ የተጋደመው ጫፍ ላይ ይወረውራል፤ ሁለቱም ተፈናጥረው ከሐዲዱ ይወጣሉ። ኮምፒውተር የለም፣ ተተኪ የለም፤ እንጨቱን ቢስተው ባቡሩ ከሐዲዱ ሊወጣ፣ እሱም ከሥር ሊገባ ነው። መጨረሻ አካባቢ የሚነድ ድልድይ ሰብሮ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ባቡርም አሻንጉሊት አይደለም፤ እውነተኛ ባቡር ነው።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የዚህ ዘመን ፊልሞች ብዙዎቹ የባለቤትነት መብታቸው ስላበቃ ማንም አባዝቶ ይሸጣቸዋል። በርካሹ ቅጂ ላይ ፊት አይለይም፤ ሰዎቹም እንደ ጉንዳን ይሯሯጣሉ፣ የተጫወተበት ፍጥነት ስለተሳሳተ። ሽፋኑ ላይ የትኛው የፊልም ቤተ መዛግብት እንዳደሰው ካልተጻፈ ይለፋችሁ። "ዘ ጄነራል" አንዱ ቅጂ ላይ 75፣ ሌላው ላይ 80 ደቂቃ ገደማ ቢል ግን አትደንግጡ፤ ያ የፍጥነት ልዩነት እንጂ የተቆረጠ ነገር ኖሮ አይደለም።

ቀለም የሌለው ፊልም አላይም ብሎ ድርቅ ለሚል "ትዌልቭ አንግሪ ሜን"፣ 1957፣ 96 ደቂቃ። እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት መጀመሪያ ካሜራውን ከዓይን ከፍታ በላይ አደረገው፣ መሀል ላይ በዓይን ትክክል፣ መጨረሻ ላይ ከዓይን በታች፤ ሌንሱንም እያስረዘመ ሄደ። ኮርኒሱ ጭንቅላታቸው ላይ የወረደ የሚመስለው፣ ግድግዳውም የሚጠጋው በዚህ ነው። ይህን አስቀድማችሁ አትንገሩት፤ ከጨረሰ በኋላ ነግራችሁት መጀመሪያውንና መጨረሻውን አነጻጽሩለት።

የኛውስ? የኃይሌ ገሪማን "ምርት ሶስት ሺህ ዓመት" የአገር ልጅ ነው ብሎ መጀመሪያ ላይ መስጠት ስህተት ነው ብለን እናምናለን። በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ፣ 150 ደቂቃ። ንግግሩ አማርኛ ነው፤ ሰውን የሚፈትነው እርጋታው ነው። የማረሻውን፣ የመንገዱን፣ የዝምታውን ጊዜ አይቆርጥም። ከእሱ በፊት በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘውን "ጤዛ"ን ስጡት። 140 ደቂቃ ነው፤ የአንበርብር ትዝታ ከጀርመን ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ልጅነት ይዘላል። የኖላንን ጊዜ ማመሳቀል የለመደ ሰው ይህን አይፈራም።

[ምስል፦ የቴሌቪዥን ሴቲንግ ሜኑ በቅርበት።]

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። ሰው "ፊልሙ ደባሪ ነው" ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው።

እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ ፊልሞች ቅርጻቸው ወደ ካሬ የቀረበ ነው፣ 1.37 ለ 1። 1920 በ1080 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ምስሉ በወርዱ ወደ 1480 ፒክስል ይይዛል፤ በግራና በቀኝ 220፣ 220 ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ሲያናድደው ሪሞቱን አንስቶ ዙም ይላል። ዙም ሲል ከላይና ከታች ተደምሮ ሩብ የሚጠጋው ምስል ይቆረጣል፤ ሰብታይትሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መለጠጡን ከመረጠ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ጎን 30 በመቶ ይወፍራል። ጥቁሩ ይኑር።

ሁለተኛው፣ ምስሉን የሚያለሰልሰው ነገር። ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ክላሪቲ ወይም ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። ለኳስ ጥሩ ነው፤ ፊልምን ግን የሰርግ ቪዲዮ ያስመስለዋል። አጥፉት። ቴሌቪዥኑ ፊልምሜከር ሞድ ካለው እሱን መምረጥ ይበቃል። ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነጠብጣብ ደግሞ የፊልሙ ተፈጥሮ ነው፤ በኖይዝ ሪዳክሽን ካጠባችሁት ፊታቸው ሰም ይሆናል።

ከውጭ ዲስክ ለምትልኩ ወይም ለምታስልኩ፦ ዲስክ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወት የሚወስን ሪጅን የሚባል ነገር አለው፤ አሜሪካ የተገዛ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው። እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና አውሮፓ በአብዛኛው ሪጅን 2 ናቸው፤ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ውስጥ ናት። በብሉሬይ አሜሪካ ኤ ነው፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ። ስለዚህ ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣ ብሉሬይ አዲስ አበባ በተገዛ ማጫወቻ ላይ "አይቻልም" ሊል ይችላል፤ ከፍራንክፈርት የመጣው ግን ይሠራል። የፎርኬ (4K) ዲስክ ሪጅን የለውም፤ እዚያው ካርቶን ውስጥ አብሮት የሚመጣው ብሉሬይ ግን ሊኖረው ይችላል።

የአውሮፓ ዲቪዲ ሌላም ጠባይ አለው። በሰከንድ 24 ምስል የተቀረጸውን በ25 ያጫውታል፤ ፊልሙ በ4 በመቶ ይፈጥናል። 207 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም 199 ይሆናል፤ አልተቆረጠም። በኮምፒውተር የምታዩ ከሆነና የሰብታይትሉ ፋይል ለሌላው ፍጥነት የተሠራ ከሆነ፣ በየደቂቃው 2 ሰከንድ ተኩል ገደማ እየራቀ ይሄዳል። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ በቁልፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ለአንድ ደቂቃ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይበላሻል። ለዚያው ፍጥነት የተሠራ ፋይል ፈልጉ።

[ምስል፦ ዝናብ። ጭቃ። ፈረሶች።]

ፊልሙ ካለቀ በኋላ "ወደድከው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ለወዳጁ ሲል ይዋሻል። ስልኩን ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳነሳ ልብ በሉ። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሆነ ማንበቡ ከብዶታል፤ ወደ ኪተን መልሱት። መሀል ላይ፣ ወሬ ሲረዝም ከሆነ፣ ቀጥሎ አጠር ያለና ታሪኩን የሚያውቀውን ስጡት። ጨርሶ ካላነሳ፣ ያኔ "ሰባቱ ሳሙራይ"ን አውጡ፤ 1954፣ 207 ደቂቃ። መንደርን ከሽፍታ ለማስጣል አንድ በአንድ ሰው የሚሰበሰብበት ታሪክ ነው፤ በ1960 "ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን" ሆኖ ወደ አሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር የተሻገረው። ስትገዙ ደቂቃውን እዩ፤ 199ኙን አስረድተናል፣ ከዚያ በብዙ ካነሰ ግን ተቆርጧል። መሀሉ ላይ ፊልሙ የራሱ እረፍት አለው፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍና ሙዚቃ ብቻ፣ ጥቂት ደቂቃ። ቡና አያደርስም፤ ዲስኩን አቁሙት።