ካርታው ሰባት ሰዓት ካለ አስር ያዙ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በውጭ አገር መኪና እየነዱ ስለመዝናናት ነው የዛሬው፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደወላችሁትን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ ፒያሳ)፦ እህቴ ዋሽንግተን ነው ያለችው፣ ቪዛ አልሃምዱሊላህ አግኝቻለሁ፣ ለስድስት ቀን መኪና ተከራይተን ኒውዮርክ፣ ናያግራና ቺካጎ ዞረን ልንመለስ ነው፣ ይበቃናል ወይ ጋሼ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግን አይበቃም። እስቲ አብረን እንቁጠረው። ከዋሽንግተን ኒውዮርክ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዛ ናያግራ 650 ምናምን፣ ከናያግራ ቺካጎ 900 የሚጠጋ፣ ከቺካጎ ወደ ዋሽንግተን መመለሻው ደግሞ ከ1,100 በላይ፣ ሲደመር 3,000 ሆነ ማለት ነው። ደሴ አዲስ አበባን 400 ብለሽ ያዢውና ደርሶ መልስ አራት ጊዜ ሊሞላ ምንም አይቀረው። መንገዱ እንደኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሐረጎ ላይ በጉም ውስጥ ከተሳቢ ኋላ መንፏቀቅ የለም፣ ግን መኪናው ፈጠነ እንጂ ወገብሽ ያው ወገብሽ ነው።

ካርታው የሚነግርሽ ሰዓት ጎማው የሚዞርበትን ብቻ ነው። ነዳጅ፣ ምሳ፣ ሽንት ቤት፣ ኒውዮርክ መግቢያ ላይ ያለው ጭንቅንቅ፣ ፓርኪንግ ፍለጋው፣ እነዚህን አይቆጥራቸውም። እኔ ሁሌ ሲሶ እጨምራለሁ። ስለዚህ ቺካጎን ተዪው፣ ሌላ ጊዜ በአውሮፕላን። አንደኛው ቀን ኒውዮርክ ግቡ፣ ሁለተኛውን መኪናውን አቁማችሁ በባቡርና በእግር፣ ሦስተኛው ቀን በጠዋት ወደ ናያግራ (ይሄ ረጅሙ ቀን ነው)፣ አራተኛውን ቁልፉን እንዳትነኩት፣ አምስተኛው ላይ ፔንሲልቬንያ ውስጥ እደሩና በስድስተኛው ዋሽንግተን። አደራ የምልሽ ግን የናያግራ ፏፏቴ ድንበር ላይ ነው፣ ማዶው ካናዳ ነው፣ የካናዳ ቪዛ ከሌለሽ ድልድዩን በስህተት እንኳን እንዳትገቢበት። የመንገድ ምልክቱ ላይ የሚጻፈው ርቀትም በማይል ነው፣ 100 ሲል 160 ኪሎ ሜትር በይው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በራሴ ኮሮላ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሞምባሳ ደርሼ ልመለስ፣ አስር ቀን ፈቃድ አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ አስር ቀኑን ግን መንገድ ይበላዋል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዛ ሞያሌ 770 አካባቢ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ያንኑ ያህል፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ 480 ገደማ፣ መሄጃው ብቻ ከ2,300 በላይ ነው እኮ። በቀን 400 እየነዳህ፣ ሃዋሳ፣ ያቤሎ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲኦሎ እያልክ ብታድር መሄጃው ስድስት ሰባት ቀን ነው፣ መመለሻው ሲጨመር ከአስር ቀኑም ያልፋል፣ ልጆቹ ባህሩን መቼ ሊያዩት ነው? አብሽር፣ ሌላ መንገድ አለ፣ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሂዱ (ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም)፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ ደግሞ በፈረንጆቹ 2017 ሥራ የጀመረው ባቡር በስድስት ሰዓት አካባቢ ያደርሳችኋል፣ ያ አስፋልት አብዛኛው ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ የጭነት መኪና የሞላበት ስለሆነ ባቡሩ ይሻላል።

የግድ በራሴ መኪና ካልክ ግን ከጉምሩክ የመኪናውን መውጫ ፈቃድ ጨርስ፣ የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ ያዝ፣ በማታ እንዳትነዳ። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፣ ያንተ መሪ ደግሞ በግራ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሲኖ ትራክ ልትቀድም ስትል ከፊትህ የሚመጣውን አታየውም፣ የሚያይልህ ጋቢና ያለው ሰው ነው፣ ባለቤትህ እንዳትተኛ ንገራት። አደባባይ ላይም በቀኝህ ለመጣው ነው ቅድሚያው።

ጥያቄ (በአጭር መልዕክት)፦ ለኪራይ መኪና ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ የራስህን መንጃ ፈቃድ ከዓለም አቀፉ ጋር፣ እና በሹፌሩ ስም ያለ ክሬዲት ካርድ፣ ማስያዣ ገንዘብ ስለሚይዙበት። ደግሞ ሰዓቱን ልብ በል፣ «8:00 ላይ ተረከብ» ቢሉህ የኛ ሁለት ሰዓት ነው፣ እኔ አንዴ በኛ ሰዓት ቆጥሬ ከሰዓት ሄጄ መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጥተውት አገኘሁ።