መቼም የማይገደብ መብት አለ?

[ምስል፦ የፍራንክፈርት ከተማ በሌሊት]

ጊዜው በፈረንጆች 2002 ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ታገተ። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይዞታል፤ ሰውየው ግን ልጁን የት እንዳደረሰው አልናገር አለ። የፍራንክፈርት ምክትል የፖሊስ አዛዥ አንድ ትእዛዝ ሰጠ፦ «ካልተናገረ ከባድ ሥቃይ እንደሚጠብቀው ይነገረው።» ተነገረው። ወዲያው ልጁ ያለበትን ተናገረ። ልጁ ግን ቀድሞ ተገድሎ ነበር።

እናንተ ዳኛ ብትሆኑ አዛዡን ትቀጡታላችሁ?

ብዙ ሰው «እንዴት ተደርጎ!» ይላል። እኔም አልፈርድበትም። የጀርመን ፍርድ ቤት ግን በ2004 ጥፋተኛ አለው፤ ቅጣቱን እጅግ ቢያቀልለትም። ገዳዩ ደግሞ ጉዳዩን ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2010 ትልቁ ችሎት ዛቻው ኢሰብአዊ አያያዝ ነው አለ። የልጅ ሕይወት ለማዳን ቢሆንም እንኳ አይፈቀድም። የአዛዡ ቅጣት ማነሱንም ነቀፈ። ገዳዩ በዚህ አልተፈታም፤ የዕድሜ ልክ እስራቱ ጸና።

ፍጹም መብት የሚባለው ይሄ ነው። ከሌሎች መብቶች ስለሚበልጥ አይደለም። እሱን ለመጣስ የሚቀርብ ምክንያት፣ የቱንም ያህል ልብ ቢነካ፣ ሚዛን ላይ ስለማይወጣ ነው። ከማሰቃየት መጠበቅ እንዲህ ነው። ባሪያ አለመሆንም እንዲሁ።

[ምስል፦ ባዶ የአዲስ አበባ ጎዳና፣ 2012 ዓ.ም.]

አብዛኛው መብት ግን አንጻራዊ ነው። ኮሮና የገባ ሰሞን የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስታውሱ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ሳይቀር! የመሰብሰብ መብት ለጊዜው ሊታገድ ስለሚችል ነው። አዋጅ በሌለበት ጊዜም ሊገደብ ይችላል። ያኔ መንግሥት ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ በሕግ ተደንግጓል? ዓላማው ተገቢ ነው? በእርግጥ ያስፈልጋል፣ ልኩንስ አላለፈም? ክርክሩ የሚጦፈው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ላይ ነው። «ለጸጥታ ሲባል» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ግራ የሚያጋባው በሕይወት የመኖር መብት ነው። ራሱን ለመከላከል የገደለ ሰው ላይቀጣ ይችላል። የእኛ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 15 ላይ ለከባድ ወንጀል የሞት ቅጣትን አልዘጋም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ፍጹም ነው ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ኢትዮጵያ በፈረንጆች 1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ይህን መብት ማገድ ይከለክላል።

[ምስል፦ አንቀጽ 93፣ ንኡስ አንቀጽ 4 በስክሪን ላይ]

አሁን ይሄንን ተመልከቱ። ሕገ መንግሥቱ በአስቸኳይ ጊዜ አይነኬ ያላቸው አንቀጾች 1፣ 18፣ 25፣ እና የ39 ሁለት ንኡሶች ናቸው። አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው ነው። አንቀጽ 1ስ? የአገሪቱ ስያሜ! ስያሜው ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ፣ ሕይወት ቀርቷል። ይህን ክፍተት መሙላት የሚፈልግ ጠበቃ ወደ አንቀጽ 9 ንኡስ 4 ይሄዳል፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው የሚለው እዚያ ነው።