አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፦ በአሜሪካ ጦር የመመገቢያ አዳራሾች የምግብ መለያ እንዴት ይሠራል?

[ምስል፦ ትሪ ይዘው የተሰለፉ ወታደሮች]

ከልምምድ ተመልሶ ለምሳ የተሰለፈ ወታደር የእያንዳንዱን ምግብ የካሎሪና የስብ ዝርዝር አንብቦና አነጻጽሮ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም፤ ረሃቡም፣ ከኋላው ያለው ሰልፍም አይታገሡትም። በዩናይትድ ስቴትስ የጦር ሰፈሮች የሚሠራበት «ጎ ፎር ግሪን» የተባለው መርሐ ግብር ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው። በየምግቡ ፊት በሚቆመው ካርድ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ይደረጋል፤ አረንጓዴው አዘውትሮ፣ ቢጫው አልፎ አልፎ፣ ቀዩ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚበላውን ያመለክታል።

[ምስል፦ ካርዱ በቅርበት]

ቀለሙን የሚወስነው የካሎሪው ብዛት ብቻ አይደለም። ምግቡ በፋብሪካ ምን ያህል እንደተቀነባበረ፣ የተጨመረበት ስኳር፣ የስቡ ዓይነትና የፋይበሩ መጠን አብረው ይመዘናሉ። ስለዚህ ቆዳው ተገፎ በምድጃ የበሰለ ዶሮ አረንጓዴ ሲያገኝ፣ ያው ዶሮ በዱቄት ተለውሶ በዘይት ሲጠበስ ቀይ ይሆናል። ከቀለሙ ጎን ያለው የጨው መነስነሻ ሥዕል የሶዲየሙን መጠን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብሎ ለብቻው ይነግራል፤ ምክንያቱም አትክልት የበዛበት ሾርባ በሌላው መስፈርት ጥሩ ሆኖ ጨዉ ሊበዛ ይችላል። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,300 ሚሊግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል፤ ይህም በአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው። በሙቀት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲያልበው ለዋለ ወታደር ግን ፍላጎቱ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ምልክቱ ማሳወቂያ እንጂ ክልከላ አይደለም።

[ምስል፦ ወጥ ቤት፤ አብሳዮች በሥራ ላይ]

በእኔ እምነት ዋናው ነገር ያለው ከካርዱ ኋላ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ቀለሙ የሚሰጠው በጽሑፍ ለሰፈረው የአዘገጃጀት መመሪያ በመሆኑ፣ አብሳዩ ለጣዕም ብሎ አንድ ጭልፋ ቅቤ ቢጨምርበት ካርዱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ ወታደሩ ግን ያልመረጠውን ይበላል። መርሐ ግብሩ አብሳዮችን ማሠልጠንንና አረንጓዴዎቹን ምግቦች በሰልፉ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥን የሚጨምረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተራበ ሰው ትሪው ባዶ ሳለ ፊቱ ያገኘውን ያነሣልና።

በዚያ ጦር ውስጥ ለሚያገለግሉ ጿሚ ልጆቻችን አንድ ነገር መጨመር ይገባል፦ አረንጓዴ ማለት የጾም ማለት አይደለም። አትክልቱ በዶሮ መረቅ የበሰለ ሊሆን ስለሚችል፣ የገባበትን ነገር አብሳዩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብዙ ምልምሎች በምግብ እጥረት ምክንያት ለውትድርና ብቁ ሳይሆኑ መቅረታቸው ካሳደረው ስጋት ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ወጣቶችን ከምልመላ ከሚያስቀሩት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

[ምስል፦ ምሽት፤ የተዘጋ የመመገቢያ አዳራሽ]

የቀረው ትልቅ ክፍተት የሰዓት ነው። በሰፈሩ ውስጥ የሚኖረው ወታደር የምግብ አበሉ አስቀድሞ ተቆርጦበት ሳለ፣ ከተረኝነት ሲወጣ አዳራሹ ተዘግቶ ከጠበቀው፣ ካርድ የሌለውን በርገር በራሱ ገንዘብ ይገዛል። የአገልግሎቱ ሰዓት ከተረኞቹ ሰዓት ጋር እንዲገጥም ማድረግ ቀለም ከመቀባቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።