የሚያሳድገው ፕሮቲን፣ የሚያስቆመው ፕሮቲን
(ለጸጉር ሥራ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አደራችሁ።

«ጸጉሬ አላድግ አለኝ» የሚለውን ብሶት ከእኛ ከቆዳ ሐኪሞች ቀድማችሁ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። እኛ ዘንድ የሚመጡት ብዙ ጠርሙስ የጸጉር ማሳደጊያ ከጨረሱ በኋላ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በጠርሙሶቹ ላይ «ግሮውዝ ፋክተር» የሚል ጽሑፍ በዝቷል፤ ዛሬ የመጣሁትም ስለዚሁ ለመነጋገር ነው።

በሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጸጉር አለ። እያንዳንዱ ሥር በየራሱ ጊዜ ይሄዳል፦ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ይከስማል፣ ለ3 ወር ገደማ ያርፋል፤ ከዚያም አሮጌው ወልቆ አዲሱ ይተካል። በቀን እስከ 100 ጸጉር ቢረግፍ በሽታ አይደለም። ሥሩን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩት ሕዋሳት እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች ናቸው፤ የዕድገት ፋክተር (ግሮውዝ ፋክተር) የምንላቸው እነዚህን ነው። አይጂኤፍ-1 ዕድገቱ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ቪኢጂኤፍ በሥሩ ዙሪያ የደም ሥር ያበዛል። ኤፍጂኤፍ-5 ግን «በቃ» ባዩ ነው። በዘር ለውጥ ምክንያት ይህ ፕሮቲን የማይሠራባቸው ውሾችና ድመቶች ጸጉራቸው ይረዝማል፤ በሰውም ዘንድ ሽፋሽፍታቸው ከልክ በላይ የሚያድግ ቤተሰቦች አሉ።

እኔን የሚያስገርመኝ ኢጂኤፍ የተባለው ሌላው የዕድገት ፋክተር ነው። ያገኘው ሳይንቲስት ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አውስትራሊያ ውስጥ በጉን ይህን ፕሮቲን ወግተው መረብ የሚያለብሱበት የሱፍ መግፈፊያ ዘዴ ተሠርቷል። የሱፉ ሥር ለጥቂት ቀናት ሥራ ያቆማል፤ በዚያች ቦታ ሱፉ ሳስቶ ይበጠሳል። ከሳምንታት በኋላ መረቡ ሲወልቅ ሱፉ ያለ መቀስ በእጅ ይገፈፋል፤ አዲሱም ከሥር ብቅ ማለት ጀምሯል። የዕድገት ፕሮቲን በጉን አራቆተው!

ስለዚህ እንደ ማዳበሪያ አትዩአቸው። ሻጭ ሲመጣባችሁ የትኛው ፕሮቲን እንደሆነና እንዴት ሥሩ ዘንድ እንደሚደርስ ጠይቁት። እነዚህ ግዙፍ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ጤነኛ ቆዳ በቀላሉ አያሳልፋቸውም። ከታካሚዋ ከራሷ ደም ተጣርቶ በመርፌ የሚሰጠው፣ እነዚህን ፋክተሮች የያዘው ፒአርፒ ቆዳውን አልፎ ስለሚገባ ጉዳዩ ይለያል፤ ለአንዳንዶች ይረዳል፣ ለሁሉም ግን አይደለም።

በተለይ የሹሩባ ሠሪዎች ሆይ፣ ይህን ስሙኝ። ጸጉር ጠብቆ ሲጎነጎን ኖሮ በግንባር ዳር ቆዳው ልሙጥ ሆኖ የጸጉር ቀዳዳው ከጠፋ ሥሩ በጠባሳ ተተክቷል፤ የትኛውም ፋክተር ቢላክ ተቀባይ የለውም። ከዚያ በፊት ግን ምልክት አለ፦ ከጉንጉኑ ሥር ትንንሽ ብጉር፣ የተቆራረጡ አጫጭር ጸጉሮች፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም። ይህን ስታዩ ደንበኛችሁ «ጠበቅ አድርጊልኝ» ብትልም እሺ አትበሏት፤ አላልታችሁ ፍቱላትና ወደ ቆዳ ሐኪም ላኳት።