ወደ ኋላ የቀረው ምት

ኢክራም፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም የምናወራችሁ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ከሚገኘው የቤዝ ተጫዋቹ የጋሽ ታደሰ ሳሎን ነው። የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግተናል፤ ሙቀቱን እናንተ አትስሙት እንጂ እኛ ችለነዋል። ርእሳችን ጃዝ ከሂፕ ሆፕና ከሶል ጋር ያደረገው ውሕደት ነው። ጋሽ ታደሰ፣ ባለፈው ሳምንት ማይክሮፎኑ ከጠፋ በኋላ «ቅልቅል ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው ልጥፍ ነው» ብለውኝ ነበር። ከዚያው ብንጀምርስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። አንድ ሰው ከአሮጌ የጃዝ ሸክላ ላይ ጥቂት ምቶች ቆርጦ ወስዶ፣ እነሱኑ እየደጋገመ ራፕ ቢልባቸው፣ ሁለቱ ሙዚቃዎች ጎን ለጎን ቆሙ እንጂ አልተዋሐዱም። ሸክላው ውስጥ ያለው ፒያኖ ተጫዋች ራፐሩ ምን እንዳለ አይሰማም፤ ስለማይሰማም መልስ ሊሰጠው አይችልም። ጃዝ ደግሞ ከሁሉ በፊት መደማመጥ ነው።

ኢክራም፦ በዚህ አልስማማም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠራው) የነበሩት የሂፕ ሆፕ ልጆች የሸክላውን ባለቤቶች ፈልገው ስቱዲዮ ድረስ አምጥተዋቸዋል። የሂፕ ሆፕ ቡድኑ ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት በ1991 «ዘ ሎው ኤንድ ቲየሪ» የተባለውን አልበም ሲሠሩ፣ በ1960ዎቹ ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የተጫወተው ሮን ካርተር መጥቶ በአንዱ ዘፈን ላይ ቤዝ ተጫውቶላቸዋል። በ1993 የወጣው የራፐሩ የጉሩ «ጃዝማታዝ» አልበም ደግሞ ዶናልድ ባይርድን በትራምፔት፣ ሮይ ኤየርስን በቫይብራፎን፣ በዱላ በሚመታው ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ፣ ይዞ ነው የመጣው። ሳምፕሉንም፣ ያንን ከሸክላ ተቆርጦ የሚወሰደውን ድምፅ፣ ቢሆን አልንቀውም። እውነቱን ልናገርና እኔ ሙላቱ አስታጥቄን ያወቅሁት በቤታችን ሬዲዮ አይደለም። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚያን ማርሊ በ2010 በሠሩት አልበም መክፈቻ ዘፈን ላይ የተወሰደችው ዜማ የ«የግሌ ትዝታ» መሆኗ ሲነገረኝ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲህ የጅማው ልጅ የሙላቱ ሙዚቃ አሜሪካን ዞሮ ነው ድሬ የደረሰልሽ ማለት ነው። እንዳታፍሪበት፤ ብዙ ሰው በዚያው መንገድ ነው የደረሰበት። እንግዶቹ ስለመምጣታቸውም ልክ ነሽ። ነገር ግን ዶናልድ ባይርድ ትራምፔቱን ሲነፋ ከሥሩ ያለው ከበሮ የመኪና ያህል አንድ ፍጥነት ይዞ ይሄዳል፤ ለትራምፔቱ ብሎ አይዘገይም፣ አይፈጥንም። እኔ ስለ ውሕደት የምናገረው ከበሮው ራሱ ሲለወጥ ነው።

ኢክራም፦ ከበሮው የተለወጠው መቼ ነው ይላሉ?

ጋሽ ታደሰ፦ በዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ ምት ሠሪ በጄ ዲላ እጅ ነው፤ በ2006 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ያረፈው ልጅ። የሚሠራበት ኤምፒሲ 3000 የሚባለው ምት መሥሪያ መሣሪያ፣ ጣትሽ ትንሽ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ ሲመታ ምቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚመልስ ክፍል አለው። ዲላ ይህን ማስተካከያ ሲፈልግ ያጠፋዋል፤ ሲፈልግ ደግሞ አንዱን ድምፅ ሆን ብሎ ከቦታው ያንሸራትተዋል። አንዱ ከበሮ ትንሽ ይቸኩላል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ቤዙም ከሁሉም በኋላ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ይመጣል፤ ግን አይወድቅም። ያ መሣሪያ ዛሬ በዋሽንግተኑ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ተቀምጧል።

ኢክራም፦ ከዚያም ሰዎቹ ከማሽኑ መማር ጀመሩ።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በ2000 የወጣውን የሶል ዘፋኙን የዲአንጄሎን «ቩዱ» አልበም ስትሰሚ፣ ከበሮው ላይ ያለው ክዌስትላቭ ምቱን እንደ ሰዓት በመጠበቅ የታወቀ ሰው ነው። እዚያ ግን ያንን ልማዱን ትቶ ወደ ኋላ እየቀረ መጫወትን ተለማመደ። የጃዙ ሮይ ሃርግሮቭ ትራምፔት የነፋውም በዚሁ አልበም ላይ ነው፤ በ2003 ደግሞ ይህንኑ መንገድ ይዞ የራሱን ባንድ፣ አርኤች ፋክተርን፣ ይዞ ወጣ። አየሽ፣ ማሽኑ መንገዳገድን ከአንድ ሰው ተማረ፤ ከበሮ መቺዎች ደግሞ ያንን መንገዳገድ በእጅና በእግራቸው መልሰው አጠኑት።

ኢክራም፦ እኛ ዘንድ ግን የሆነው የተገላቢጦሽ ይመስለኛል።

ጋሽ ታደሰ፦ በትክክል! እኔ ቤዝ ይዤ በዚህ ከተማ የሰርግ ባንድ ውስጥ ስዞር ከበሮ መቺ ነበረን። ችክችካውን ሲመታ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ትንሽ ይፈጥናል፤ እናትየው ስትነሣ ደግሞ ትንሽ ያረግበዋል። በኋላ ዝግጁ ምት ያለው ኪቦርድ መጣ። ባለ ባንዱ ሒሳቡን አሰላና ከበሮ መቺውን አሰናበተው፤ እኔንም በየምሽቱ «ወደ ኋላ ትጎትታለህ» እያለ ይቆጣኝ ጀመር። ኪቦርዱ ላይ ያለው ችክችካ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ እኔም እሱን ስከተል ቀጥ አልኩ። እዚያ ማሽኑን ሰው አጎበጠው፤ እዚህ ሰውን ማሽኑ አቀናው። በዚያ ቅናት የለኝም ብል ውሸት ነው።

ኢክራም፦ እንግዲህ ወደ ሮበርት ግላስፐር እንምጣ። በ2012 «ብላክ ሬዲዮ» ሲወጣ፣ በመሠረቱ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች የሆነ ሰው የሠራው አልበም በቀጣዩ ዓመት ግራሚ ሲያገኝ በጃዝ ዘርፍ ሳይሆን በምርጥ የአር ኤንድ ቢ አልበም ዘርፍ ነበር። በውስጡ ኤሪካ ባዱ «አፍሮ ብሉ»ን ትዘፍናለች። ዘፈኑ የኩባው ሞንጎ ሳንታማሪያ ድርሰት ነው፤ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኮልትሬይንም ተጫውቶታል።

ጋሽ ታደሰ፦ በእሱ ላይ ብዙ ጊዜ ላጥፋ፣ ትርፍ አለው። ሞንጎ ሲጫወተው በሦስት እየተቆጠረ ሁለት የሚሰማበት ምት ነው፤ አንዱ እጅ ሦስት ሲል ሌላው ሁለት ይላል። የእኛም ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ሆኖ እግርሽን ሁለት፣ ጭብጨባሽን ሦስት ማድረግ ስለምትችይ፣ ያ ዘፈን ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ግላስፐር ግን በሂፕ ሆፑ አራት ምት ላይ አስቀመጠው። የሦስቱን መወዛወዝ በቁጥር አጠፋው፤ ከበሮ መቺው ክሪስ ዴቭ ግን መወዛወዙን በመዘግየት መለሰው። ልጥፍ ያልሁት ይህን አይደለም።

ኢክራም፦ ዋጋስ አልከፈለም? ግላስፐር በዚያ አልበም ለብቻው ረጅም ሶሎ አይጫወትም። ሁለት ሦስት ኮርድ፣ ማለትም ባንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ይይዝና እየደጋገመ፣ ድምፃዊዋ ከፊት እንድትሆን ይተዋል። አንዳንድ የጃዝ ወዳጆች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል።

ጋሽ ታደሰ፦ ቅር ይበላቸው። ሁለቱም ወገን አንዳንድ ነገር ካልለቀቀ ጋብቻ የለም። ጃዙ ረጅሙን ሶሎና በየምቱ የሚለዋወጠውን ኮርድ ለቀቀ፤ ሂፕ ሆፑ ደግሞ የማይነቃነቀውን ምት ለቀቀ። የሳክስፎን ተጫዋቹ የካማሲ ዋሽንግተን «ዘ ኤፒክ» አልበም ግን ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ እሱ ምንም የለቀቀ አይመስለኝም። ያም ሆኖ በዚያው በ2015 ዓመት በራፐሩ በኬንድሪክ ላማር «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» አልበም ላይ ግላስፐርም፣ ካማሲም፣ ባለ ቤዙ ተንደርካትም ሲሠሩ እያንዳንዳቸው አጠር ብለው ነው የሚሰሙት።

ኢክራም፦ ለንደንም አለች። የዚያው ባንድ ኢዝራ ኮሌክቲቭ በ2023 የብሪታንያን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት፣ መርኩሪን፣ ሲወስድ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው የጃዝ ባንድ ሆኗል። ነገር ግን እዚያ የሚሰማው አፍሮቢትና ሬጌም ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን። እኔን የሚያሳስበኝ የሙላቱ ጉዳይ ነው። በእርስዎ መስፈርት ኢትዮ ጃዝ ምን ለቀቀ?

ጋሽ ታደሰ፦ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው፤ የጃዝ ኮርድ ግን ዐሥራ ሁለቱን ሁሉ ይፈልጋል። አንቺሆዬን ወስደሽ የተሟላ የጃዝ ኮርድ ብታለብሺው፣ ቅኝቱ ውስጡ ይታፈናል፤ የሚሰማው ኮርዱ ብቻ ይሆናል። ሙላቱ በአሜሪካው የሙዚቃ ኮሌጅ በበርክሊ ከተማረው ውስጥ ብዙውን ሆን ብሎ አልተጠቀመበትም፤ ኮርዱን አቀጥኖ፣ ቫይብራፎኑንም በስሱ እያስተጋባ፣ ትዝታውና አምባሰሉ ከላይ እንዲሰሙ ተወላቸው። ስለዚህ የለቀቀው ጃዙ ነው፤ ቅኝቱ ንቅንቅ አላለም። ሂፕ ሆፖቹም ሸክላውን ሲያገኙት የወደዱት ያንን ባዶ ቦታ ይመስለኛል፤ ድምፅ የሚገባበት ክፍተት አለው።

ኢክራም፦ ድሬስ? ሰው ሁሉ «የባቡር ከተማ ናትና ቅልቅል ተፈጥሮዋ ነው» ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ባቡሩ በ1902 ከጅቡቲ የደረሰው ዕቃና ሰው ይዞ ነው፤ ቅልቅሉን የሠሩት ሰዎች ናቸው፣ ያውም እየተጨነቁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚህ በተቋቋመው በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ያደገው አሊ ቢራ ዑድና ጊታር ይዞ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በዐረብኛም ዘፍኗል፤ ቋንቋው ሲለወጥ ግን አዘፋፈኑም ይለወጣል። ያ ሥራ ነው፤ የአየር ጠባይ አይደለም።

ኢክራም፦ እንግዲያውስ ችክችካ ወደ ኋላ ይቀር ይሆን? ማለቴ እንደ ዲላ።

ጋሽ ታደሰ፦ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ከሚኖር፣ በኮምፒውተር ምት ከሚሠራ አንድ ወጣት ጋር ሞክረነዋል። ማስተካከያውን አጠፋን፤ ጭብጨባውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋነው፤ ቤዙን እኔ ደረብሁበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ብጎትትም ማንም አልተቆጣኝም። ሦስት ጊዜ ቀዳን። ሁለቱ ለጆሮ የሚከብዱ ነበሩ።

ኢክራም፦ ሦስተኛውስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ሦስተኛውን ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰማችውና፣ ሽንኩርቱን አስቀምጣ አጨበጨበችለት።