እናቴና በጥጥ የተጠቀለለው ስንጥር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳያችን የዲኤንኤ አሻራ ነው፤ ርዕሱን የመረጥኩት እናቴ በስልክ ከጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ተነሥቼ ነው።

እናቴን ከአዲስ አበባ ወደምኖርበት ወደ ቨርጂኒያ ለማምጣት ባመለከትኩ ጊዜ፣ ያቀረብኩት የልደት ምስክር ወረቀት የወጣው ከተወለድኩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነበር። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የእኔ እኩዮች ይህን ወረቀት የምናወጣው ብዙውን ጊዜ ፓስፖርት ወይም ቪዛ ሲያስፈልገን ነው። በዚህም ምክንያት ጉዳዩን የያዘው ክፍል ዝምድናችን በዲኤንኤ ምርመራ ቢረጋገጥ እንደሚሻል በደብዳቤ አሳወቀኝ። ጉንጯ ከውስጥ በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር እንደሚጠረግ ለእናቴ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህን በጥጥ ሊያረጋግጡ ነው?» አለችኝ። ላስረዳት ስሞክር ጥጡ ምን እንደሚሠራ እኔም በቅጡ እንደማላውቅ ተገነዘብኩ።

ስንጥሩ ጉንጭን ከውስጥ ሲጠርግ የሚፈለገው ምራቁ ሳይሆን አብረው የሚነሡት ሕዋሳት ናቸው። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ የሚባለው የዘር ጽሑፍ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሆኖ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ይረዝማል፤ አብዛኛው ክፍሉም በሰው ልጆች ሁሉ ዘንድ አንድ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪው ሙሉውን ማንበብ አያስፈልገውም፤ የሚመለከተው አጫጭር ቃላት በላይ በላይ ተደጋግመው የተጻፉባቸውን ሃያ ያህል ቦታዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ በ11ኛው ክሮሞሶም (የዘር ጽሑፉ ከተከፋፈለባቸው ጥቅሎች በአንዱ) ላይ የሚገኘው ቲኤች01 የሚባለው ሲሆን፣ በዚያ ቦታ ባለአራት ፊደሉ ቃል በአንዱ ሰው ስድስት ጊዜ፣ በሌላው ዘጠኝ ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል። እያንዳንዳችን አንዱን ቁጥር ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን። ኋላ በደረሰኝ ሰንጠረዥ ላይ በዚህ ቦታ የእናቴ 6 እና 9፣ የእኔ ደግሞ 7 እና 9 ነበር። ዘጠኙ ከእሷ ከመጣ ሰባቱ የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ስለሆነው ስሙ በወረቀቱ ላይ የለም፤ ያቺን ሰባት ሳያት ግን እሱን ያየሁት ያህል ደነገጥኩ።

በአንድ ቦታ ቁጥር መግጠሙ ብቻውን ምንም አያስገርምም፤ ዘጠኝ ያለው ሰው ብዙ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ሃያዎቹ ቦታዎች በአንድነት ሲታዩና የየራሳቸው ዕድል እርስ በርሱ ሲባዛ ነው። ስለዚህም ምርመራው የሚመልሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይሆን፣ ሁለት ናሙናዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። የሚነጻጸረው ሁለተኛ ናሙና ከሌለ ዲኤንኤ የማንንም ስም አያውቅም።

የዲኤንኤ አሻራን ዘዴ መጀመሪያ ያገኘው በእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲው አሌክ ጄፍሪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1984 ጠዋት ከአንድ የኤክስሬይ ፊልም ላይ የቤተሰብን ዝምድና የሚያሳዩ መስመሮችን አየ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያው አገልግሎቱ ወንጀለኛ ማደን ይመስለናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ እውነቱን ሳነብ ግን ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። በ1985 ለዘዴው የቀረበለት የመጀመሪያው ጉዳይ የአንዲት እናትና የልጇ ነበር። ከጋና ወደ እንግሊዝ የተመለሰውን ታዳጊ ባለሥልጣናቱ ልጇ ሳይሆን የእህቷ ልጅ ሊሆን ይችላል ብለው ተጠራጠሩ። የአባቱ ናሙና ስላልነበረ፣ ጄፍሪስ የአባትየውን ድርሻ ከእናትየዋና አብረዋት ከነበሩት ከሌሎቹ ሦስት ልጆቿ ገምቶ አወጣና ልጅነቱን አረጋገጠ። እናቴ የተጠየቀችው ጥያቄ እንግዲህ ከዘዴው ጋር እኩል ዕድሜ አለው።

ወንጀሉ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በዚያው በሌስተር አቅራቢያ በ1983 እና በ1986 የ15 ዓመት ልጃገረዶች በተገደሉበት ጉዳይ፣ ምርመራው መጀመሪያ ያደረገው አንዱን ግድያ የተናዘዘውን የ17 ዓመት ወጣት ነጻ ማውጣት ነበር። ፖሊስ ከአምስት ሺህ በላይ ወንዶችን ደም ሲሰበስብ እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ልኮ አመለጠ፤ ይህም የታወቀው ባልደረባው በመጠጥ ቤት ስላወራው ነው። ዘዴው ትክክል ነበር፤ ናሙናው ላይ የተጻፈው ስም ግን ውሸት ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎችን ይዞ ነበር። ለቀብር ይሆን ዘንድ ለቤተሰቦች መጀመሪያ የተሰጠው ከአደጋው ቦታ የተወሰደ አፈር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወላጆች፣ ልጆችና ወንድሞች የሰጡት ናሙና ከተገኘው ቅሪት ጋር እየተነጻጸረ የየሰው አካል ለየወገኑ ይለይ ጀመር። እናቴ ያሾፈችበት ጥጥ በዚያ ወቅት ለብዙ እናቶች ልጃቸውን መልሶ የሚያመጣ ብቸኛ መንገድ ነበር። ይህን ስነግራት «እግዚአብሔር ያጽናቸው» አለች፤ በማግስቱም ሄዳ ናሙናዋን ሰጠች።

ውጤቱ ሲመጣ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ከሚጠይቀው 99.5 በመቶ በላይ ሆነ። ደውዬ ነገርኳት፤ ሳቀች። ወዲያው ግን፣ «ከእህትህ ጋር ብመረመርስ ምን ይሉኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ የአክስቴ ልጅ ናት፤ እናቷ በወሊድ ስታርፍ እናቴ ከእኔ ጋር አንድ ጡት አጥብታ አሳድጋታለች። የእህቷ ልጅ ስለሆነች በአንዳንዶቹ ቦታዎች ቁጥራቸው ይገጥማል፣ በሌሎቹ አይገጥምም፤ ወረቀቱም እናቷ አይደለችም ብሎ ይመለስ ነበር። ይህንኑ ሳልሸሽግ ነገርኳት።

«እንኳንም እሷን አልጠየቁኝ» አለችና ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።