ከፒያሳ እስከ ፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ክረምት ሮም ሄጄ ስለተማርኩት የአራት ሳምንት ኮርስ ላጫውታችሁ። ትምህርቱ የከተማዋ የኪነ ሕንፃ ታሪክ ነው። ክፍል ውስጥ ብዙም አልተቀመጥንም። ደብተር ይዘን በእግር ነበር የምንዞረው። እኛ ጋ ዝናብ ነው፣ እዚያ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እኔ ያደግኩት ፒያሳ ነው፣ አዲስ አበባ። ቃሉ ጣልያንኛ እንደሆነ፣ አደባባይ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ፒያሳ ናቮና ላይ እስክቆም ድረስ ነገሬ ብዬው አላውቅም። ናቮና ረዥምና ጠባብ ነው፤ አንዱ ጫፉ ክብ ሠርቶ ይታጠፋል። አስተማሪያችን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ጠየቀችን። ዝም አልን። ወደ ሰሜኑ ጫፍ ይዛን ዞረች። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ከቤቶቹ ሥር፣ ጥንታዊ የድንጋይ ቅስት ይታያል። ለካ ቦታው ንጉሠ ነገሥት ዶሚሽያን በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው ስታዲየም ኖሯል! ቤቶቹ የቆሙት ተመልካቹ ይቀመጥበት በነበረው ላይ ነው። መሮጫው ሜዳ አደባባይ ሆኖ ቀረ። ስታዲየሙ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ ቅርጹ ግን አሁንም አለ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ሲታጠፍ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

የጥንት ሮማውያንን ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴኦንን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጉልላቱ ከጎን ወደ ጎን 43 ሜትር ይሆናል። ኮንክሪት ነው፣ ግን ፌሮ የሚባል ነገር የለውም። ከታች ከባድ ድንጋይ ቀላቀሉበት፣ ወደ ላይ እያቀለሉ ሄዱ፣ አናቱ ላይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ። መሐሉ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ይገባል፤ ወለሉ ላይ ውኃው የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ609 ቤተ ክርስቲያን መሆኑም ከመፍረስ አድኖታል። አገልግሎት ያገኘ ሕንፃ ይቆያል።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ ፒያሳ» ይባላል። በየቀኑ አውቶቡስ የምይዘው እዚያ ነው። እነማን ናቸው ብዬ የጠየቅኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ክው አልኩ። በኮርሱ መርሐ ግብር ውስጥ ስለዚህ አንድም መስመር አልነበረም። ከፋኝ፣ አልዋሻችሁም።

በዚያው ቀን ለብቻዬ ፖርታ ካፔና ሄድኩ። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ ስልሳ ምናምን ዓመት የቆመበት ነው፤ በ2005 አገሩ ገባ። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ሕንፃ ዛሬ የፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ግን ለጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር። መኪናው ይርመሰመሳል፣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

በማግሥቱ ለአስተማሪዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻው ቀን ክፍሉን በሙሉ እዚያ ወሰደችና «አንቺ አስረጂን» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የሐውልቱን ፎቶ አሳየኋቸው። የድንጋይ በሩን፣ መስኮቶቹን፣ ከግድግዳ ብቅ ያለ የሚመስለውን የእንጨት አግዳሚ ጫፍ ሳይቀር። አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፣ ግን ፎቅ ቤት አድርገው ነው የቀረጹት። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እስኪመሽ ድረስ ጥያቄያቸው አላለቀም።